የጠጠርን አወዳደቅ በሞባይል ካሜራ መለካት

ለዚህ የፊዚክስ ሙከራ ለአምስት ተማሪ አንድ ስልክ ይበቃል። ፍሬም በፍሬም (ቪዲዮው የተሠራባቸውን ምስሎች አንድ በአንድ) የሚያሳይ የቪዲዮ ማጫወቻ ቀድማችሁ ጫኑ፤ ክፍል ውስጥ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ጥሪ ቀረጻውን እንዳያቋርጥ ስልኩን ኤርፕላን ሞድ ላይ አድርጉት።

የ1 ሜትር ማስመሪያ ታችኛው ጫፉ ወለሉን ነክቶ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ስልኩን 2 ሜትር ያህል አርቃችሁ፣ በማስመሪያው አጋማሽ ከፍታ፣ በመጻሕፍት ደግፋችሁ አቁሙት። በእጅ አትያዙት። ስሎው ሞሽን ላይ፣ በሰከንድ 240 ፍሬም አድርጉና ጠጠሩን ከማስመሪያው ላይኛው ጫፍ ልቀቁ። ጠጠሩ ከግድግዳው ከራቀ ካሜራው ከፍታውን አሳስቶ ያሳያል።

ከተለቀቀበት ወለሉን እስከነካበት ያለውን ፍሬም ቁጠሩ። 108 አካባቢ ይመጣል፤ ለ240 ሲካፈል 0.45 ሰከንድ ነው። የከፍታውን እጥፍ ለዚህ ቁጥር ስኩዌር ስታካፍሉ ከ9.8 (የመሬት ስበት የሚወድቅን ነገር ፍጥነት በየሰከንዱ የሚጨምርበት መጠን፣ በሜትር በሰከንድ) ብዙ የማይርቅ ውጤት ታገኛላችሁ። ማጫወቻው የሚያሳየውን ሰዓት አትመኑ፤ ስሎው ሞሽን ጊዜውን ይለጥጠዋል።

በተራ ቪዲዮ፣ በሰከንድ 30 ፍሬም፣ የሚቆጠረው 13 ወይም 14 ብቻ ስለሆነ የአንድ ፍሬም ስህተት ውጤቱን 15 በመቶ ገደማ ያዛባል። ይህን ተማሪዎቹ ራሳቸው ያስሉት፤ ከሙከራው ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ብርሃን ሲያንስ ብዙ ስልኮች የፍሬሙን ቁጥር ስለሚቀንሱ መስኮት አጠገብ ሥሩ።