የአባል አገር ዴሞክራሲ ሲናጋ የሚደጋገሙ ስህተቶች፦ ከኒያሜ እስከ ጁባ

አዲስ አበባ ውስጥ በሰላምና ጸጥታ ሥራ ላይ አዲስ የሚገቡ ልጆች አንድ ጥያቄ ይወዳሉ። «ይህ ሁሉ ቻርተር፣ ይህ ሁሉ ውሳኔ እያለ መፈንቅለ መንግሥቱ ለምን አይቆምም?» ይላሉ። ጥያቄው ደስ ይለኛል፤ ተስፋ ያልቆረጠ ሰው ነው እንዲህ የሚጠይቀው። ወረቀቱማ ሞልቷል። የሚወጣው ግን ከረፈደ ነው። ደጋግመው ሲፈጸሙ የማያቸውን ስህተቶች እነሆ። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታንክ እስኪመጣ መጠበቅ

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሥልጣን የሚነጠቀው በወታደር ብቻ ይመስል፣ ድርጅቶቹ (የአፍሪካ ኅብረትም፣ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበር የሆነው ኢኮዋስም) የሚነቁት ቤተ መንግሥቱ ከተከበበ በኋላ ነው። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። የአፍሪካ የዴሞክራሲ፣ የምርጫና የመልካም አስተዳደር ቻርተር የጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ፣ በጃንዋሪ 2007 ነው። በ2012 ሥራ ላይ ውሏል። አንቀጽ 23ን አውጥታችሁ አንብቡ። ሥልጣን በዴሞክራሲያዊ መንገድ እንዳይቀየር ብሎ ሕገ መንግሥት መለወጥም ከመፈንቅለ መንግሥት ጋር በአንድ ዝርዝር ተቀምጧል። መሣሪያ የያዘው ኮሎኔልም፣ የሥልጣን ዘመን ገደቡን የሚፍቀው ፕሬዚዳንትም እዚያው ናቸው።

ጊኒን እንይ። አልፋ ኮንዴ ለብዙ ዓመታት ተቃዋሚ ነበሩ። ታስረዋል፣ ተሰደዋል። በ2010 ተመርጠው ሥልጣን ያዙ። ሁለተኛው የሥልጣን ዘመናቸው ሊያልቅ ሲል፣ በማርች 2020፣ አዲስ ሕገ መንግሥት ለሕዝበ ውሳኔ አቀረቡ። የሥልጣን ዘመናቸው ቆጠራ ከዜሮ ተጀመረ፤ በኦክቶበር ለሦስተኛ ጊዜ ተመረጡ። ሕዝቡ ወጥቶ ተቃወመ፣ ሰዎች መንገድ ላይ ተገደሉ። የመራጮች መዝገቡ ችግር ስለነበረበት ኢኮዋስና የአፍሪካ ኅብረት ሕዝበ ውሳኔውን ሊታዘቡ አልሄዱም። በቃ፣ ይኸው ነበር። እገዳ የለ፣ ማዕቀብ የለ። ሴፕቴምበር 5 ቀን 2021 የልዩ ኃይሉ አዛዥ ማማዲ ዱምቡያ ፕሬዚዳንቱን ሲያስሯቸው ግን ሁለቱም ድርጅቶች በዚያው ሳምንት አገሪቱን ከአባልነት አገዱ። ዋና ከተማዋ ኮናክሪ ውስጥ ደግሞ ብዙ ሰው ወታደሮቹን እየጨፈረ ተቀበለ። ያ ሕዝብ ዴሞክራሲን የጠላ እንዳይመስላችሁ። ለዴሞክራሲ ብሎ ሲጮህ የደረሰለት አልነበረም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ሌላም አለ። በሜይ 2015 የኢኮዋስ መሪዎች አክራ ላይ ሲሰበሰቡ፣ ማንም መሪ ከሁለት የሥልጣን ዘመን በላይ እንዳይቆይ የሚል ሐሳብ ቀርቦላቸው ነበር። ቶጎና ጋምቢያ እምቢ አሉ፤ ሐሳቡም ወደ ጎን ተቀመጠ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የጋምቢያው ያህያ ጃሜ ምርጫ ተሸንፈው አልወርድም አሉ። ኢኮዋስም እሳቸውን ለማስወጣት ጦር ማሰለፍ ግድ ሆነበት። በአንድ አንቀጽ ሊዘጋ የሚችል በር በጦር ተዘጋ።

እባካችሁ፣ መልእክተኛ የሚላከው ማሻሻያው ገና ረቂቅ እያለ ነው። ፓርላማው ድምፅ ሳይሰጥበት፣ የሕዝበ ውሳኔው ቀን ሳይቆረጥ። ፕሬዚዳንቱ «የውስጥ ጉዳያችን ነው» ማለታቸው አይቀርም። ቻርተሩን ያጸደቀች አገር ግን ይህን ለማለት አፍ የላትም። ይህን ፊት ለፊት የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል።

የዚሁ ቻርተር አንቀጽ 25 ደግሞ በኃይል ሥልጣን የያዘ ሰው በቀጣዩ ምርጫ እንዳይወዳደር ይከለክላል። ቻድ ውስጥ በ2024፣ ጋቦን ውስጥ በ2025 የሽግግር መሪዎቹ ተወዳድረው አሸነፉ። ቻድ ጭራሹኑ አልታገደችም ነበር። ሌላ አገር ያለው መኮንን ይህን ያያል።

የማይፈጽሙትን ማስፈራሪያ መናገር

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ጁላይ 26 ቀን 2023 የኒጀሩ ፕሬዚዳንት ሞሐመድ ባዙም በገዛ ጠባቂዎቻቸው ተያዙ። ኢኮዋስ በአራተኛው ቀን አቡጃ ላይ ተሰብስቦ ሥልጣን ለያዘው ወታደራዊ ቡድን (ለጁንታው) የአንድ ሳምንት ጊዜ ሰጠ። ካልሆነ ኃይል መጠቀምም ሊመጣ ይችላል አለ። ቀነ ገደቡ ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው የናይጄሪያ ሴኔት የአገሩን ፕሬዚዳንት ቲኑቡን ፖለቲካዊ መፍትሔ ይፈልጉ አላቸው። የሚያስገርም አልነበረም። ሰባት የናይጄሪያ ግዛቶች ከኒጀር ጋር ይዋሰናሉ። ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ያለው ሕዝብ ሐውሳ ይናገራል፣ ይጋባል፣ ይነግዳል። ይህ ሁሉ ከማስፈራሪያው በፊትም ይታወቅ ነበር። ኦገስት 6 ገደቡ ሲያልቅ፣ የኒጀር ዋና ከተማ ኒያሜ ስታዲየም ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ የጁንታው ደጋፊዎች ይጨፍሩ ነበር።

«ጋምቢያ ላይ ሠርቶ የለም እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። ሠርቷል። ለምን እንደሠራ ግን ይታይ። ጋምቢያ ውስጥ ምርጫ ያሸነፈ ሰው ነበር፤ አዳማ ባሮው ሴኔጋል፣ ዳካር በሚገኘው የአገራቸው ኤምባሲ ጃንዋሪ 19 ቀን 2017 ቃለ መሐላ ፈጸሙ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በዚያው ቀን ደገፋቸው። ሴኔጋል አገሪቱን በሦስት በኩል ከባታለች። የጋምቢያ ጦር አዛዥ ወታደሮቼን ለዚህ ጠብ አላስገባም ብለው ነበር። አደራዳሪዎችም እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ከጃሜ ጋር እየተነጋገሩ ነበር። በሁለተኛው ቀን ጃሜ ወጡ። ኒጀር ውስጥ ግን ፕሬዚዳንቱ ታግተዋል፤ ጦሩ በውጊያ የኖረ ነው፤ አገሪቱ ከአንድ ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ትሰፋለች። ማሊና ቡርኪና ፋሶም ኒጀርን የነካ እኛን ነካ ብለዋል። አንድ ቦታ የሠራን ነገር ይዞ መሮጥ የጀማሪ ችግር ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር።

ማዕቀቡ ማን ላይ እንደሚያርፍ አለማየት

ማላንቪል የቤኒን ድንበር ከተማ ናት። ከወንዙ ማዶ የኒጀሯ ጋያ አለች፤ የሚያገናኛቸው ድልድይ ነው። በ2023 በኢኮዋስ ማዕቀብ ድንበሩ ሲዘጋ እህልና ሌላ ዕቃ የጫኑ ከባድ መኪኖች መንገዱ ዳር ተኮልኩለው ቀሩ። ሰውና ሸቀጥ በታንኳ መሻገር ጀመረ። ናይጄሪያ መብራት አቋረጠች፤ ኒጀር ከምትጠቀመው ኤሌክትሪክ ወደ 70 በመቶ የሚሆነው ከእሷ ነበር የሚመጣው። ጄኔራሉ ጄኔሬተር አለው። የተጎዳው ክሊኒክና ወፍጮ ቤት ነው። ጁንታውም ለሕዝቡ «ጠላታችሁ ማን እንደሆነ አያችሁ?» ለማለት ከዚህ የተሻለ ነገር አያገኝም። በጃንዋሪ 2024 ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር ከኢኮዋስ ወጣን አሉ። በቀጣዩ ወር አብዛኛው ማዕቀብ ተነሣ፤ ሦስቱ አገሮች ግን አልተመለሱም። ማዕቀብ ከጣላችሁ የመሪዎቹን የባንክ ሒሳብና ጉዞ ያዙ። መድኃኒትና እህል አይነካ፤ ይህም ውሳኔው ላይ ከመጀመሪያው ይጻፍ።

የድምፅ መስጫውን ቀን ብቻ መታዘብ

የኬንያን የ2017 ምርጫ የታዘቡት ዓለም አቀፍ ቡድኖች ኦገስት 8 የነበረውን ድምፅ አሰጣጥ አይተው በአመዛኙ መልካም ቃል ሰጡ። ክሱ የመጣው ከዚያ በኋላ በሆነው ነው። የእያንዳንዱ ጣቢያ ውጤት የሚሞላበት ወረቀት ቅጽ 34ኤ ይባላል። እሱ በምርጫ ክልል ደረጃ ተደምሮ ቅጽ 34ቢ ላይ ይሰፍራል። ተቃዋሚዎች የተከራከሩት በዚህ ዝውውር ላይ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የምርጫ ኮሚሽኑ ሰርቨር ይታይ ብሎ ቢያዝም ትእዛዙ በሙሉ አልተፈጸመም። ሴፕቴምበር 1 ላይ ዳኞቹ በ4 ለ2 ድምፅ ምርጫውን ሻሩት። ስለዚህ ልጆች፣ ታዛቢ ሆናችሁ ስትሄዱ ሰልፉን ብቻ አትዩ። ጣቢያው ላይ የተለጠፈውን የውጤት ቅጽ ፎቶ አንሱ፤ ማዕከሉ ከሚያስታውቀው ቁጥር ጋር አስተያዩ። መግለጫውን ደግሞ ድምር ሳያልቅ አትጻፉት።

ፊርማውን ሰላም ብሎ መቁጠር

የደቡብ ሱዳንን ድርድር አዲስ አበባ በቅርብ አይታዋለች። የተኩስ አቁሙ በጃንዋሪ 2014 እዚሁ ተፈረመ። የ2015ቱ ስምምነት የአማጺውን ወገን መሪ ሪየክ ማቻርን በኤፕሪል 2016 ወደ ጁባ መለሳቸው። የመንግሥትና የእሳቸው ወታደሮች ግን በአንዲት ከተማ ውስጥ በየአለቃቸው ሥር ታጥቀው ተቀመጡ። በጁላይ ጁባ ነደደች፤ ማቻርም በእግራቸው ወደ ኮንጎ ሸሹ። በሴፕቴምበር 2018 አዲስ አበባ ላይ እንደገና ተፈረመ። ምርጫው ተራዘመ፣ ደግሞ ተራዘመ። በማርች 2025 ማቻር የቁም እስረኛ ሆኑ። የስምምነት ረቂቅ ሲሰጣችሁ መጀመሪያ የጦሩን ክፍል አንብቡ። ጠመንጃው የት ይገባል? ደመወዙን ማን ይከፍላል? ይህ ካልተመለሰ የሥልጣን ክፍፍሉ ገጽ ዋጋ የለውም።

አግዶ ዞር ማለት

እገዳ ማለት ወንበር መከልከል እንጂ ስልክ መዝጋት አይደለም። በጁን 2019 ካርቱም ውስጥ ሰልፈኞች ከተጨፈጨፉ በኋላ የአፍሪካ ኅብረት ሱዳንን በሦስተኛው ቀን አገደ። የኅብረቱ መልእክተኛ ሞሐመድ ኤል ሐሰን ለባትና ኢትዮጵያዊው አምባሳደር ማህሙድ ድሪር ግን እዚያው ሆነው ማደራደሩን ቀጠሉ። በኦገስት የሽግግሩ ሰነድ ተፈረመ፤ በሴፕቴምበር እገዳው ተነሣ።

አደራዳሪ ማብዛት

በዚያችው ሱዳን በ2023 ጦርነቱ ሲነሣ ጅዳ አንድ መድረክ፣ ኢጋድ ሌላ መድረክ፣ የጎረቤት አገሮች ስብሰባ በካይሮ፣ ኅብረቱ ደግሞ የራሱን መድረክ ከፈቱ። ተዋጊዎቹም አንዱ ጠረጴዛ ሲጠብቅባቸው ወደ ሌላው ሄዱ። መልእክተኛ ከመሰየሙ በፊት የትኛው መድረክ እንደሚመራ አደራዳሪዎቹ እርስ በርስ ይስማሙ። ሌሎቹም ከዚያ ጀርባ ይቁሙ።