ከዚራ፦ ጊቢያችን ውስጥ ቢምቢን እንዴት ቀነስኩ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ዛፍ ይበዛል። ጥላው ደስ ይላል፤ ቢምቢው ግን ማታ በረንዳ አያስቀምጥም ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ «ዛፉን ቁረጠው» ይለኛል። ቢምቢ ግን ዛፍ ላይ ያርፋል እንጂ ቅጠል ላይ አይራባም። የሚፈለፈለው የቆመ ውሃ ውስጥ ነው።

ባትሪ ይዤ ጊቢውን ዞርኩ። የሮቶው ክዳን ተሰንጥቋል፤ ውስጡ እጭ ይርመሰመሳል። በርሜሉም፣ አሮጌው ጎማም ያው ነው። ውሃ እየጠፋ ባለበት ሰፈር አታጠራቅም አይባልም። መክደን ነው እንጂ።

የሮቶውን ክዳን ቀየርኩ። የትርፍ ውሃ መውጫውን በቀጭን የሽቦ ወንፊት አሰርኩት። ጎማውን ለቆራሌው ሰጠሁ። በርሜሉን በየሳምንቱ ደፍቼ ውስጡን በብሩሽ እፈትጋለሁ። ዋናው መፈተጉ ነው። የደንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው፣ ኤደስ የምትባለው ቢምቢ እንቁላሏን ከውሃው ከፍ አድርጋ በርሜሉ ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች፤ እንቁላሉ ደርቆ ወራት ይቆያል። በሙቀት ከእንቁላል ተነስቶ ለመብረር ደግሞ ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል።

ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ የሚባለው በቢምቢ የሚተላለፍ በሽታ ከተማችንን አስተኝተዋታል። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝም ሮቶና በርሜል ትወዳለች።

መዥገርም ነበረብን፤ እሱ ግን ከውሻው ነው። መዥገሩ የሚደበቅበትን የቤቱን ስንጥቅ በሲሚንቶ ደፈንኩ፤ ለውሻው ከእንስሳት ሐኪም መድኃኒት አመጣሁ።

ቢምቢው በጣም ቀንሷል፣ አልጠፋም። የአንዱ ጎረቤቴ በርሜል አሁንም ክፍት ነው። ክዳኑን እኔ ልግዛልህ ብዬዋለሁ።