ኦኤልኢዲ (OLED) ቲቪ ልትገዙ ነው? ግራጫ ፎቶ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ

ስታዲየምም ሆነ ሜክሲኮ አካባቢ፣ ለማሳያ ተሰቅሎ የከረመ ወይም ያገለገለ ኦኤልኢዲ ቲቪ በቅናሽ ካገኛችሁ ሻጩ በሚከፍትላችሁ ቪዲዮ እንዳትሸወዱ። የባህር ውስጥ ዓሣና የሚፈነዳ ርችት ማንኛውንም እንከን ይደብቃል።

ቤት ሳላችሁ ሁለት ፎቶ ፍላሽ ላይ ጫኑ፦ አንዱ ከዳር እስከ ዳር ግራጫ፣ ሌላው ቀይ። ሱቅ ውስጥ ተራ በተራ ክፈቱና ማዕዘኖቹንና የታችኛውን ጠርዝ በደንብ እዩ። የቻናል አርማ ወይም የዜና መስመር ጥላ ካለ ስክሪኑ ተቃጥሏል ማለት ነው። እኔ "አዲስ በለው" የተባለልኝን አንዱን እንዲህ ስፈትሽ፣ ከላይ በቀኝ በኩል ክብ አርማ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሻጩ ራሱ ደነገጠ።

ኦኤልኢዲ ከጀርባ የሚያበራለት መብራት የለውም፤ እያንዳንዱ ፒክስል ራሱ ነው የሚያበራው። ፊልም ላይ ጥቁሩ ድቅድቅ የሚለውም ለዚህ ነው። ግን አንድ ምስል ለብዙ ሰዓት ሳይለወጥ የበራበት ቦታ ከሌላው ቀድሞ ያረጅና ይደበዝዛል። አንድ ወጥ ቀለም ሲከፈት ልዩነቱ መደበቂያ ያጣል።

ጌም የምትጫወቱ ከሆነ ኤችዲኤምአይ (HDMI) 2.1 የሚባለው የኬብል መሰኪያ እንዳለውም እዩ። ፒኤስ5 በ4ኬ ጥራት በሰከንድ 120 ምስል (120 ኸርዝ) እንዲሠራ እሱ ያስፈልጋል።

በጣም በጠቆረ ግራጫ ላይ ስስ ቀጥ ያሉ መስመሮች ካያችሁ ግን አትደንግጡ፣ አዲስ ቲቪ ላይም አሉ። ቀኑን ሙሉ ዜና ከፍቶ ለሚውል ቤት ወይም ካፌ ደግሞ ኦኤልኢዲ ባይገዛ ይሻላል፤ ተራው ኤልኢዲ ይበቃል።