ከልብ ወለድ የተሠራ አኒሜ ላይ ሪቪው እንዴት ይጻፋል?

ከፋንታሲ ልብ ወለድ የተሠራ አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) አይተን ስንጨርስ፣ መጀመሪያ አፋችን ላይ የሚመጣው «መጽሐፉ ይሻላል» ወይም «አኒሜው ይበልጣል» የሚል ነው። ይሄ ስሜት ነው፤ ሪቪው፣ ማለትም ግምገማ፣ ለመሆን ገና ብዙ ይቀረዋል። አንባቢ ማወቅ የሚፈልገው ታሪኩ ከገጽ ወደ ስክሪን ሲሻገር ምን እንደሆነ ነው። እንዴት እንደሚጻፍ በጣም በምወደው ሥራ፣ በ«ሞሪቢቶ»፣ ላሳያችሁ።

መጽሐፉን ጃፓናዊቷ ናሆኮ ኡኤሃሺ እ.ኤ.አ. በ1996 አሳተመችው። በ2007 ፕሮዳክሽን አይጂ የተባለው ስቱዲዮ 26 ክፍል ያለው አኒሜ አደረገው። ዳይሬክተሩ ኬንጂ ካሚያማ ነው። ባልሳ የ30 ዓመት ሴት ናት፤ ጦር ይዛ ሰዎችን ከአደጋ እየጠበቀች የምትተዳደር። ትንሹ ልዑል ቻጉም ሰውነቱ ውስጥ የውሃ መንፈስ እንቁላል ተሸክሟል። አባቱ ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ ምክንያት ሊያስገድለው ይፈልጋል። እናቱ ደግሞ ልጇን ለባልሳ አደራ ትሰጣለች።

መጀመሪያ አኒሜውን እዩ፣ መጽሐፉን በኋላ አንብቡ። ብዙ ሰው በዚህ አይስማማም። ግን መጽሐፉን ቀድሞ ያነበበ ሰው ስክሪኑን ማየት ትቶ ምን እንደጎደለ መቁጠር ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹን 3 ክፍሎች ያለ ማስታወሻ፣ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ቀልባችሁን የሳበው የቱ ጋ ነው? የሰለቻችሁስ? ከዚያ ደብተር ይዛችሁ ከመጀመሪያው ጀምሩ። የክፍሉን ቁጥርና ደቂቃውን ጻፉ፤ በኋላ ስትጽፉ «አንድ ቦታ ላይ» ከማለት ያድናችኋል።

መጽሐፉን ስታነቡ ገጹን ለሁለት ክፈሉት። በአንድ በኩል የተቀነሰውን፣ በሌላው የተጨመረውን ጻፉ። ብዙ ሪቪው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ዝርዝሩን ገልብጦ ያወጣል። ዋናው ሥራ ግን ገና አሁን ይጀምራል፤ ከእያንዳንዱ ጎን «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ።

መልሱን ለማግኘት ሰዓቱን አስሉ። 26 ክፍል፣ እያንዳንዱ 25 ደቂቃ ገደማ ሲሆን፣ ከ10 ሰዓት በላይ ነው። መጽሐፉ ደግሞ አንድ ቅጽ ብቻ ነው። ፊልም የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መቀነስ ግዴታው ነው፤ ካሚያማ ግን መጨመር ነበረበት። ምን ጨመረ? ባልሳና ቻጉም ተደብቀው ከተማ ውስጥ፣ የውሃ ወፍጮ ቤት ይኖራሉ። ቤተ መንግሥቱ ልዑሉ የሞተ መስሎታል። ከግንብ ወጥቶ የማያውቀው ልጅ የተራውን ሰው ኑሮ ይማራል። የዚህ አብዛኛው በመጽሐፉ ውስጥ የለም።

እዚህ ላይ ፍርዳችሁን በግልጽ ስጡ። ተመልካቹ የከፈለው ዋጋ አለ፤ ማሳደዱ ሲቆም ታሪኩ ቀዝቀዝ ይላል፣ ፍልሚያ የሚጠብቅ ሰው ይሰላቻል። ይሄን አትደብቁ። በእኔ እምነት ግን የአኒሜው ልብ ያለው እዚሁ ነው። እነዚህ ጸጥ ያሉ ቀናት ባይኖሩ፣ ሁለቱ ያን ቤት ጥለው ሲሄዱ አንጀታችን አይላወስም ነበር። እንዲህ ጥቅሙንና ጉዳቱን አብሮ የሚያሳይ አንቀጽ ከአስር ነጥብ ስንት እንደሰጣችሁ ከሚናገር ቁጥር ይበልጣል።

ቀጥሎ መጽሐፍ በቃላት የሚነግረን የልብ ሐሳብ ስክሪን ላይ ምን እንደሆነ ፈልጉ። ባልሳን ያሳደጋት ሰው እሷን ለማዳን ሲል ስምንት ጓደኞቹን ገድሏል። እሷም በዚያ ፈንታ ስምንት ነፍስ ለማዳን ቃል ገብታለች። አኒሜው ይሄን ገና ሳይነግረን በፊት በእጇ ያሳየናል። ክፍል 3 ላይ፣ ሩዝ ማሳ ውስጥ ከአሳዳጆቿ ጋር ስትፋለም ጦሯን እንዴት እንደምትይዝ ተመልከቱ። ላለመግደል የምትታገል ሴት ናት። «አኒሜሽኑ አሪፍ ነው» ከማለት ይሄን ጻፉ። ኬንጂ ካዋይ ለአኒሜው የሠራው ሙዚቃም የት ጋ ዝም እንደሚል አድምጡ።

ፋንታሲ ስለሆነ ዓለሙን መመዘንም አይቀርም። ደራሲዋ ኡኤሃሺ አንትሮፖሎጂስት፣ የሕዝቦችን ባህልና አኗኗር የምታጠና ምሁር፣ ናት፤ በአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ላይ ጥናት አድርጋለች። ይሄ እውቀቷ ታሪኩ ውስጥ ይታያል። ያኩ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ስለ እንቁላሉ የሚያወርሱት ተረት ከቤተ መንግሥቱ ታሪክ ጋር አይገጥምም። ጠይቁ፦ የዓለሙን ሕግ ገፀ ባህሪ ቆሞ ያብራራልናል ወይስ እየኖርን እንማረዋለን? የትኛው ተረት እውነት እንደሆነ ግን አትጻፉ። እኔም እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ ገና ያላየው ሰው ራሱ ይድረስበት። ስለ መጨረሻው መጻፍ የግድ ከሆነባችሁ ቀድማችሁ አስጠንቅቁ።

ለመክፈቻ አንድ ትዕይንት ይበቃል። ታሪኩን በአራት ወይም በአምስት ዓረፍተ ነገር ጨርሱት። በጃፓንኛ በትርጉም ጽሑፍ ነው ያያችሁት ወይስ በሌላ ቋንቋ ድምፅ? ተናገሩ፤ የባልሳ ድምፅ ሲለወጥ ሴትየዋም ትንሽ ትለወጣለች።

በመጨረሻ ስሞቹን አንድ በአንድ ፈትሹ። የጃፓን ስም በፊደላችን ሲጻፍ እዚህ «ቻጉም»፣ እዚያ «ቻግም» እየሆነ አንባቢን ያምታታል። ቪዲዮውን ከፍታችሁ አጠራሩን ስሙ፣ አንዱን ምረጡ፣ እስከ መጨረሻው በሱ ጻፉ።