የእግዚአብሔርን ተስፋ ስንጠብቅ የምንሳሳተው የት ላይ ነው?

ያደግሁት ምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸና አካባቢ ነው። በእኛ ቤት «እግዜር ያውቃል» ሳይባል የሚመሽ ቀን አልነበረም። ያም ሆኖ የእግዚአብሔርን የተስፋ ቃል ማመን ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እስኪገባኝ ድረስ የተሳሳትኩባቸውን፣ ዛሬም በብዙ ሰው ላይ የማያቸውን ነገሮች ልንገርዎት። አንዱ የእርስዎም ሊሆን ይችላል።

አንዲት ጥቅስ ነጥሎ መያዝ

ኤርምያስ 29፥11 በቴሌግራም ያልደረሰው ሰው ያለ አይመስለኝም። «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» የሚለው ነው። ለፈተና ይላካል፣ ለቪዛ ይላካል፣ ለሠርግ ይላካል። እስቲ አንድ ቁጥር ወደ ላይ ከፍ ብለው ያንብቡ። እዚያ 70 ዓመት የሚል አለ።

ቃሉ የተላከው ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች ነው። ነቢዩ በዚያው ደብዳቤ ቤት ሥሩ፣ አታክልት ትከሉ፣ ልጆች ውለዱ ይላቸዋል። ቶሎ አትመለሱም ማለቱ ነው። ደብዳቤው ሲነበብ ከሰሙት ብዙዎቹ አገራቸውን ሳያዩ አልፈዋል። ይህን የምለው ጥቅሱን እንዲተዉት አይደለም፤ እኔንም በክፉ ቀን አጽናንቶኛል። ግን እግዚአብሔር ሕዝቡን አልረሳም ይላል እንጂ ጉዳይዎ እስከ ሐሙስ ያልቃል አይልም።

ዲያብሎስም እኮ ለጌታ የጠቀሰለት ከመዝሙር ነው። ጌታ የመለሰለት «ደግሞ ተጽፎአል» ብሎ ነው። ይህችን «ደግሞ» እኔ እንደ መድኃኒት ይዣታለሁ።

ቀኑን ራሳችን መቁረጥ

አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር። ይስሐቅ ሲወለድ 100 ሞላው። መሀል ላይ 25 ዓመት አለ። እሱና ሣራ መጠበቁ ሲከብዳቸው በአጋር በኩል መንገድ ፈለጉ፤ እስማኤል የተወለደው አብርሃም 86 ዓመት ሲሆነው ነው። ከዚያ በኋላ በቤታቸው የገባውን ለቅሶና ጠብ ዘፍጥረት አይደብቅም።

እኛም «እስከ ፋሲካ ካልሆነ በቃ» እንላለን። ቀኑ ሲያልፍ የምንቀየመው እግዚአብሔርን ነው። ቀኑን የቆረጥነው ግን እኛው ነን።

እጅ አጣጥፎ መቀመጥ

አባቴ ገበሬ ነበር። ጤፍ መሬቱ ደጋግሞ ታርሶ ካልለሰለሰ አይሆንለትም። «ዝናቡ የእሱ፣ ሞፈሩ የእኔ» ይል ነበር። እዚህ ላይ ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም። የሚዘራበትን ቀን ግን ላሳይዎት።

ሐምሌ ነው። ቤት ውስጥ እህል እያለቀ ነው። አባቴ ሱሪውን ጠቅልሎ በባዶ እግሩ ጭቃው ውስጥ ይቆማል። ከቁናው ይዘግንና እጁን ወርውሮ ይበትነዋል። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ጭቃው ላይ ካረፈ በኋላ የት እንደወደቀ አይታይም። እኔ ዳር ቆሜ ሳየው ሆዴን ይበላኝ ነበር፤ ያ እኮ እንጀራ ሊሆን የሚችል እህል ነው። እሱ ግን ወደ ኋላ ዞሮ አያይም፣ ሌላ ይዘግናል። ዕብራውያን 11፥1 እምነት «የማናየውንም ነገር የሚያስረዳ ነው» ሲል ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ያ እጅ ነው።

ጥርጣሬን መደበቅ

አይደብቁት። ልጁ የታመመበት አባት ለጌታ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ። ጌታም አልገሠጸውም፣ ልጁን ፈወሰለት። ለንስሐ አባትዎ የማይነግሩት ጥርጣሬ ውስጥ ለውስጥ ይበላዎታል።

ያዘነን ሰው «እምነትህ ጎድሎ ነው» ማለት

ይህኛው ያንገበግበኛል። አንድ ለቅሶ ላይ ልጇን የቀበረች እናት ተቀምጣለች። አንዲት ሴት ጠጋ ብላ «ጸሎትሽ ከልብ ቢሆን ኖሮ ባልሞተብሽ» አለቻት። እናትየዋ አላለቀሰችም። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች፣ በቃ። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ስንት ጊዜ እንደፈጀባት እኔ አውቃለሁ።

ጳውሎስ ሥጋውን የሚያሠቃየው መውጊያ እንዲወሰድለት ሦስት ጊዜ ለመነ። የተመለሰለት «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነው። ጳውሎስ እምነት ጎደለው ልንል ነው? ዕብራውያን 11 ከሰይፍ ስለዳኑት ይናገራል፤ ወረድ ብሎ ደግሞ በሰይፍ ስለተገደሉት። ሁለቱንም የሚያመሰግነው በእምነታቸው ነው። የተስፋውን ቃል ሳያገኙ አምነው የሞቱ አሉ፤ «ከሩቅ ሆነው አዩትና ተሳለሙት» ይላቸዋል። እኛ አገር ሰው የደብሩን ጉልላት ከሩቅ ሲያይ ቆም ብሎ እንደሚሳለመው ማለት ነው።

ለቅሶ ቤት ሲሄዱ ዝም ብለው ይቀመጡ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት ተቀምጠው ነበር። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

ስለትን ንግድ ማድረግ

ስለት ክፉ አይደለም። ሐናም ተስላ ሳሙኤልን አግኝታለች፣ ቃሏንም ጠብቃለች። ስህተቱ «ካደረግህልኝ እሰጥሃለሁ፣ ካላደረግህልኝ ተወው» ብሎ እንደ ገበያ መደራደር ነው። እኔም ስለት እንዲህ ይመስለኝ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲወስድ እናቴ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ጥላ ተሳለች። ወንድሜ አላለፈም። ቤታችን ዝም አለ። እኔ በልቤ ጥላው ቀረ ብያለሁ።

በዓመቱ የሚያዝያ ጊዮርጊስ ሲቃረብ እናቴ ዶሮም ቅቤም ሸጠች። በዓሉ ቀን ጠዋት ቀይ፣ ዘርፉ ወርቃማ ጥላ በነጠላዋ ጠቅልላ ብብቷ ስር ይዛ ወጣች። ደንግጬ «ስለትሽ መቼ ሰመረና?» አልኳት።

«የለመንኩትን ስላልሰጠኝ እኔም ልንፈገው?» አለችኝ። «ልጄ በሕይወት አለልኝ። በል ጫማህን አድርግ፣ ታቦቱ ሳይወጣ እንድረስ።»