ወደ ኮሌጅ የተመለሰ ጎልማሳና ካንቫስ፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በአሜሪካ ከሥራ ሰዓት ውጭ ወደ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚመለሱ ብዙ ወገኖቻችንን አስቀድሞ የሚፈትናቸው ትምህርቱ ራሱ ሳይሆን ትምህርቱ የሚሰጥበት የኢንተርኔት መድረክ ነው። በብዙዎቹ ኮሌጆች ይህ መድረክ ካንቫስ ሲሆን፣ የትምህርቱ ዕቅድ፣ ንባቡ፣ የቤት ሥራው፣ ፈተናውና ውጤቱ የሚገኙት እዚያው ነው። በጥቁር ሰሌዳና በደብተር የተማረ ሰው አንድ ነገር እምቢ ሲለው «ዕድሜዬ ነው» ብሎ ይደመድማል፤ ይህ ድምዳሜ ጎጂ የሚሆነው ትክክለኛውን መንስኤ መፈለግን ስለሚያስቆም ነው። እንከኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በፋይሉ፣ በሰዓቱ ወይም በመግቢያ አካውንቱ ላይ በመሆኑ፣ ሥራውን እንደገና ከመጀመርዎ በፊት ከሦስቱ የትኛው እንደተበላሸ ይለዩ።

«ሥራዬን ልኬ ነበር፤ ነገር ግን አልደረሰም ተብሎ ዜሮ ተሰጠኝ»

ከሁሉም የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሰውየው ሌሊቱን ሠርቶ አድሮ ሳለ እንዳልሠራ ይቆጠራል። የመጀመሪያው መንስኤ ፋይሉን መርጦ የመጨረሻውን የማስረከቢያ ቁልፍ ሳይጫኑ መውጣት ነው፤ ፋይሉ በገጹ ላይ ስለሚታይ የተላከ ይመስላል፣ ይሁን እንጂ ገና አልተላከም። ሁለተኛው ሥራውን በኢሜይል መላክ ሲሆን፣ ብዙ መምህራን በካንቫስ ያልገባ ሥራ አያርሙም። ሦስተኛው በጉግል ዶክስ የተጻፈን ሥራ በሊንክ መላክ ነው፤ ፈቃዱ ለጸሐፊው ብቻ የተዘጋ ከሆነ መምህሩ የሚያየው ጽሑፉን ሳይሆን ፈቃድ እንዲጠይቅ የሚያዝዘውን ገጽ ነው። አራተኛው የፋይሉ ዓይነት ነው፤ በአፕል ኮምፒውተር በፔጅስ የተጻፈ ሥራ በመምህሩ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ በቀላሉ አይከፈትም፣ መምህሩ ወርድና ፒዲኤፍ ብቻ እንዲገቡ ወስኖ ከሆነም ካንቫስ ራሱ አይቀበለውም።

መፍትሄው የጽሑፉን ቅጂ ከጉግል ዶክስ ወይም ከፔጅስ በፒዲኤፍ ወይም በወርድ መልክ አውጥቶ መጫን ነው። መምህሩ ሊንክ ከጠየቀ፣ ሊንኩ የደረሰው ሰው ሁሉ ማንበብ እንዲችል ፈቃዱን ይክፈቱ፤ ከዚያም በአካውንትዎ ባልገቡበት የብራውዘር የግል መስኮት (ኢንኮግኒቶ) ሊንኩን ከፍተው ይሞክሩት። እዚያ ከተከፈተ ለመምህሩም ይከፈታል። ካስረከቡ በኋላ ገጹን ወዲያውኑ አይዝጉ፤ ሥራው መግባቱን የሚገልጸውን ጽሑፍ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ይፈልጉ፣ የገባውንም ፋይል ራሱን ከፍተው ትክክለኛው ቅጂ መሆኑን ይመልከቱ። ይህ ልማድ ከየትኛውም የኮምፒውተር ሥልጠና ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

«ጊዜ አለኝ ስል ተዘግቶ ጠበቀኝ»

እዚህ ላይ የእኛ የሰዓት አቆጣጠር የራሱ ድርሻ አለው። ካንቫስ ላይ 11፡59 ፒኤም ማለት ከምሽቱ 5፡59 ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ይለምደዋል። የበለጠ የሚያሳስተው 12፡00 ኤኤም ነው፦ «ዓርብ 12፡00 ኤኤም» ከተባለ ቀነ ገደቡ የሚያበቃው ሐሙስ ማታ፣ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ቀኑ ሲነጋ ይጀምራል ብሎ ያደገ ሰው ዓርብን ሙሉ እንደተሰጠው ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ሥርዓቱ ግን አይጠብቀውም። በተጨማሪም የማስረከቢያው ቀንና ገጹ የሚዘጋበት ቀን የተለያዩ ሊሆኑ ስለሚችሉ ሁለቱንም ያንብቡ።

በሴሚስተሩ መካከል ለለቅሶ ወይም ለሠርግ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ተማሪ ደግሞ ሌላ ስሌት ይጠብቀዋል። አሜሪካ ሰዓቷን በየወቅቱ ስትቀይር ኢትዮጵያ ስለማትቀይር፣ በዋሽንግተን አካባቢ 11፡59 ፒኤም የሆነው ቀነ ገደብ አዲስ አበባ ላይ የሚውለው በነጋታው ሲሆን፣ በአሜሪካ የብርድ ወራት ከጠዋቱ 1፡59፣ ሰዓቱ ወደፊት በሚገፋበት የሙቀት ወራት ደግሞ ንጋት 12፡59 ላይ ነው። በካንቫስ የአካውንት ማስተካከያ ውስጥ የሰዓት ቀጠናውን ያረጋግጡ፤ ቀነ ገደቦቹንም በስልክዎ ካላንደር ላይ በአንድ አቆጣጠር ብቻ ይመዝግቡ።

«ይለፍ ቃሌ ትክክል ነው፤ አያስገባኝም»

ስልክ ቁጥርዎን ቀይረው ከሆነ የማረጋገጫው ኮድ ወደ አሮጌው ቁጥር እየሄደ ይሆናል፤ ይህን የሚያስተካክለው የኮሌጁ የአይቲ ድጋፍ ክፍል ነው። ካንቫስ ገብተው የጉግል ሰነዱ ብቻ አልከፈት ካለ፣ ብራውዘሩ የተከፈተው በግል ጂሜይልዎ ስለሆነ ሊሆን ይችላልና በኮሌጁ ኢሜይል ይግቡ። የአባትና የአያት ስም ተዘበራርቆ ተመዝግቦ ከሆነ ግን ጉዳዩ በአብዛኛው የሬጅስትራር ስለሆነ መታወቂያዎን ይዘው ወደዚያው ይሂዱ።

«ፈተናው አልጀምር አለኝ»

ሎክዳውን ብራውዘር (በፈተና ጊዜ ሌሎች ገጾችንና ፕሮግራሞችን የሚዘጋ ብራውዘር) የሚጠይቅ ፈተና በአንድሮይድ ስልክ አይሠራም፤ በላፕቶፕም ቢሆን ሌሎች ፕሮግራሞች፣ በተለይ የመልእክትና ስክሪን የሚያጋሩ ፕሮግራሞች፣ ክፍት ከሆኑ እንዲዘጉ ይጠይቃል። የራስዎ ላፕቶፕ ከሌለዎት የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ያውስ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፤ የልምምድ ፈተና ካለም ከዋናው ቀን በፊት በዚያው ኮምፒውተር ይሞክሩት።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልተሳካ፣ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ለመምህሩ ይጻፉ። ደብዳቤን በረጅም ሰላምታና ይቅርታ መጀመር የእኛ ወግ ነው፤ እዚህ ግን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የትምህርቱን መለያ ቁጥር፣ የሥራውን ርዕስና የገጠመዎትን ችግር ይናገር። ስክሪኑ ላይ የታየውን የስህተት መልእክት ፎቶ አንስተው ያያይዙ፣ የተጠናቀቀውንም ሥራ በፒዲኤፍ አብረው ይላኩ፤ መምህሩ ሥራው በጊዜው ዝግጁ እንደነበረ ከኢሜይሉ ሰዓት ማየት ይችላልና።