አዲስ አባል የሚያሸሹ የአድሚን ስህተቶች

ሰው አዲስ ግሩፕ ገብቶ የመጀመሪያዋን ጥያቄ እስኪልክ ድረስ ብዙ ያመነታል። ይጽፋል፣ ያጠፋል፣ እንደገና ይጽፋል። እንደምንም ደፍሮ ይልካታል። መልሱ ምን ይሆናል? «ከዚህ በፊት ተጠይቋል፤ ፈልግ።» አለቀ። ሁለተኛ አይጠይቅም። ብዙውን ጊዜ ጥሎ እንኳ አይወጣም፤ ግሩፑን ሚዩት አድርጎ ይቀመጣል። ስለዚህ አድሚኑ ሰው ማጣቱን አያውቅም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። «ፈልግ» ባዩ ፈልጎ የሚያገኘው ቃሉን ስለሚያውቅ ነው። «ስልኬ ፎቶ አላነሳም አለኝ» የሚል ጀማሪ የስልኩ ማከማቻ መሙላቱን ሳያውቅ ከየት አምጥቶ «ስቶሬጅ» ብሎ ይፈልጋል? ከዚህ የባሰም አለ። አንድ አድሚን አዲስ ገቢውን ሁሉ «ወደ ላይ ውጡና አንብቡ» እያለ ሲያመናጭቅ ከረመ። በኋላ ሴቲንጉን ስናየው የድሮ መልእክት ለአዲስ አባል እንዳይታይ ተዘግቷል። ቴሌግራም ላይ በግል ግሩፕ ይህ ያለ ነገር ነው። ምስኪኖቹ ወደ ላይ ቢወጡ ምንም የለም! በሉ መጀመሪያ እሱን ክፈቱ። ከዚያ መልሱ ያለበትን መልእክት ሊንክ ኮፒ አድርጋችሁ ላኩለት። ድካሙ «ፈልግ» ብሎ ከመጻፍ ብዙም አይበልጥም። ጥያቄው በየጊዜው የሚመጣ ከሆነ መልሱን አንዴ በደንብ ጽፋችሁ ፒን አድርጉት።

ችግሩ የትናንሽ ግሩፖች ብቻ አይደለም። የፕሮግራመሮች መጠያየቂያ የሆነው ስታክ ኦቨርፍሎው ለአዲስ ሰው ፊት እንደማይሰጥ እ.ኤ.አ. በ2018 ራሱ በይፋ አምኗል። በዚያው ዓመት አዲስ ጠያቂዎችን የሚለይ ምልክት አወጣ፤ ነባሮቹ ረጋ ብለው እንዲመልሱ።

ሌሎቹን ስህተቶች ቶሎ ቶሎ ልንገራችሁ።

ሃያ ነጥብ ያለው ደንብ ማንም አያነብም። ሦስት አራቱ ይበቃሉ።

መልእክት አጥፍቶ ዝም ማለት። ሰውዬው ኔትወርክ የበላበት መስሎት ደግሞ ይልካል፤ ያኔ «ስፓም» ተብሎ ይባረራል። ለምን እንደጠፋ በውስጥ መስመር ንገሩት።

ለገባ ሁሉ «እንኳን ደህና መጣህ» የሚል ቦት። ወሬ ያቋርጣል፣ ሴቷንም «መጣህ» ይላታል። ከእሱ ይልቅ የመጀመሪያዋን ጥያቄ የሚመልስ ሰው ይኑር።

ነባር አባል ሲሳደብ «ተዉት፣ ጠባዩ ነው፤ ልቡ ንጹህ ነው» ማለት። አዲሱ ሰው ልቡን በምን አይቶ? ያየው ስድቡን ነው። ባለ እውቀት ስለሆነ ያሳሳል፣ ይገባኛል። ግን እሱን ፈርተው ሳይጠይቁ የቀሩትን ማን ቆጠራቸው? ለብቻው አናግሩት። ካልሰማ ለአንድ ቀን እንዳይጽፍ ከልክሉት። ሲመለስ አብዛኛው ይታረማል።

ደግሞ ይህን አንብባችሁ ለሁሉም ሰው እንዳትለሰልሱ። ሰላም እንኳ ሳይል ገብቶ የማስታወቂያ ሊንክ የሚለጥፈውን ወዲያው አስወጡት፤ ለእሱ ማብራሪያም አያስፈልግም።